መኪናው የገዢው ነው፤ ቁልፉስ የማን ነው?

ቤት የገዛ ሰው ዕቃውን ከማስገባቱ በፊት የበሩን ቁልፍ ያስለውጣል። ለምን እንደሚያስለውጥ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም፤ የቀድሞው ባለቤት፣ ተከራዩ ወይም ሠራተኛው ሌላ ቁልፍ ይዞ ሊሆን ይችላልና ነው። ያገለገለ አውቶሞቢል የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል፤ የባለቤትነቱን ወረቀት በስሙ ያዛውራል፤ ከዚያም አንድ ቁልፍ ተቀብሎ ደስ እያለው ይሄዳል። ሁለተኛው ቁልፍ የት ገባ ብሎ ሳይጠይቅ ይቀራል።

ይህ ዝምታ የሚያስከትለውን ነገር በአንድ የታወቀ የስፖርት አውቶሞቢል ምሳሌነት ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን። አውቶሞቢሉ በአሜሪካ አገር፣ በኬንታኪ ግዛት፣ ቦውሊንግ ግሪን በምትባል ከተማ የሚሠራው ሸቭሮሌ ኮርቬት ነው። ከ1997 እስከ 2004 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተሠራው አምስተኛው የኮርቬት ትውልድ ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ አብዛኛው ከአንድ በላይ ባለቤት አይቷል። መኪናው እጅ በለወጠ ቁጥር ደግሞ ቁልፎቹ ይበታተናሉ፤ አንዱ በመሳቢያ ውስጥ ይረሳል፣ ሌላው በቀድሞው ባለቤት ኪስ ይቀራል።

ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ጠባይ

ይህ ኮርቬት ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለው። አንደኛው ሞተሩን የሚያስነሣው የብረት ቁልፍ ነው። ሁለተኛው በሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚከፍተው ትንሽ መሣሪያ፣ በተለምዶ ሪሞት የምንለው ነው። የሁለቱ ጠባይ እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በብረቱ ቁልፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ፍሬ ተቀብራ ትታያለች። እርስዋም ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። በ1980ዎቹ ዓመታት ሌቦች ኮርቬትን አዘውትረው ይሰርቁት ስለ ነበር፣ ፋብሪካው በ1986 ዓ.ም. ይህችን ፍሬ በቁልፉ ላይ አኖረ። ፍሬዋ የኤሌክትሪክን ጉዞ የምትገታ ሬዚስተር ናት። የመግታት ኃይልዋ የሚለካው በኦም ሲሆን፣ በ15 ዓይነት ልክ ትሠራለች፤ ትንሹ 400 ኦም ያህል፣ ትልቁ ወደ 12000 ኦም የሚጠጋ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲዞር መኪናው የፍሬዋን ልክ ይመረምራል። ልኩ የራሱ ከሆነ ሞተሩ ይነሣል። ካልሆነ ግን የቁልፉ ጥርስ በትክክል ቢገጥም እንኳ ማስነሻው አይዞርም፣ ቤንዚንም አይሰጥም፤ እንደ ገና ለመሞከርም ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ይሆናል። እንግዲህ ሌባ 15ቱን ሁሉ በየተራ ሊሞክር ቢነሣ ረጅም ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሌባ ደግሞ የሌለው ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። ዘዴው ጥሩ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1989 ዓ.ም. ካማሮ ለሚባለው አውቶሞቢልም ተሰጠ።

ሪሞቱ ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። እያንዳንዱ ሪሞት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። በመኪናው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቃቸውን ሪሞቶች ቁጥር እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጽፎ ይይዛል። በመዝገቡ የተጻፈው ሪሞት በሩን ይከፍታል፤ ያልተጻፈው አይከፍትም። ሪሞቱ ቢጠፋም እንኳ ስሙ ከመዝገቡ እስካልተፋቀ ድረስ መኪናው እንደ ወዳጅ ያየዋል። መኪናው የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ የያዘውን ሰው አይደለምና።

አዲሱን ሪሞት ማስመዝገብ

ሪሞቱ አልሠራ ያለው ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በመጀመሪያ በውስጡ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ይለውጥ። ሞተ የተባለ ሪሞት ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዚህች ብቻ ነው።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነ በሪሞቱ ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ይገባል። ከ1997 እስከ 2000 ለተሠሩት ኮርቬቶች የሚሆነው ሪሞት ከ2001 እስከ 2004 ለተሠሩት አይሆንም። መልካቸው ቢመሳሰልም ቋንቋቸው ይለያያልና፣ በመልክ ብቻ የገዛ ሰው ገንዘቡን ይከስራል።

ትክክለኛው ሪሞት ከተገኘ በኋላ ባለቤቱ ራሱ በመቀመጫው ላይ እንዳለ ሊያስመዘግበው ይችላል። ሞተሩን ሳያስነሣ ኤሌክትሪኩን ብቻ ይከፍታል። በዳሽቦርዱ ላይ ባለችው የመልእክት መስኮት ያለውን ጽሑፍ ካጠፋ በኋላ፣ የምርጫውን ቁልፍ እየተጫነ ባዶ ገጽ እስኪመጣ ይጠብቃል። ከዚያም የመመለሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ በመያዝ ወደ ሪሞት ማስተማሪያው ክፍል ይገባል። መስኮቷ ስታዘው በሪሞቱ ላይ ያሉትን የመቈለፊያና የመክፈቻ ቁልፎች ባንድነት 15 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ ይይዛል። የመጀመሪያው መመዝገቡ ሲነገረው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። በየዓመቱ ምርት ጥቂት ልዩነት ሊኖር ስለሚችል ከመኪናው ጋር የተሰጠውን የመመሪያ መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ ቢሠራ ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ መረሳት የለበትም። አዲስ ምዝገባ ሲካሄድ አሮጌው መዝገብ ይፋቃል፤ በዚያ ሰዓት በእጅ ያልነበረ ሪሞት ሁሉ ለመኪናው ባዕድ ይሆናል። ስለዚህ ያሉትን ሪሞቶች ሁሉ ሰብስቦ ባንድ ጊዜ ማስመዝገብ ያሻል። ለጥንቃቄ የጐደለው ሰው ይህ ችግር ይመስለዋል፤ ለአዲሱ ባለቤት ግን ትልቅ ጥቅም ነው። በማይታወቅ ሰው እጅ የቀረው ሪሞት በሩብ ሰዓት ሥራ ተራ ፕላስቲክ ይሆናልና። እንግዲህ ሪሞት ባይጠፋ እንኳ፣ መኪናው በተገዛበት ቀን ምዝገባውን ማደስ ብልህነት ነው።

የማይፋቀው ቁልፍ

ገዢው ይህን ሁሉ ፈጽሞ እፎይ ቢል ግን ይቸኵላል። የብረቱ ቁልፍ እንደ ሪሞቱ ከመዝገብ አይፋቅም። የፍሬዋ ልክ በ15 ዓይነት የተወሰነ ነው፤ ጥርሱም አልተለወጠም። ስለዚህ የቀድሞው ባለቤት ያስቀረው የብረት ቁልፍ ዛሬም በሩን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሣል።

መድኃኒቱ የሚገኘው ከጥንቱ ከቁልፍ ሠራተኛው ዘንድ ነው። የፍሬዋን ልክ እንደ ነበረ ትቶ በጓጉንቸሩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ብረቶች በመለዋወጥ አዲስ ጥርስ ያለው ቁልፍ ይቀርጻል። ያን ጊዜ አሮጌው ቁልፍ ፍሬው ትክክል ቢሆንም እንኳ መዞር እንቢ ይለዋል። ተጨማሪ ቁልፍ ለማስቀረጽም ሠራተኛው በመጀመሪያ ፍሬዋን በኦም መለኪያ ይለካል፤ ቀጥሎ ያንኑ ልክ የያዘ ያልተቀረጸ ቁልፍ አምጥቶ ጥርሱን ያወጣለታል።

አንዳንድ ሰዎች የፍሬዋ መነካኪያ በእርጅና ሲያስቸግራቸው፣ ልክዋን የሚተካ ሬዚስተር ከመሪው ሥር ካለው ሽቦ ጋር አበይደው ይገላገላሉ። እውነት ነው፤ መኪናው ከዚያ በኋላ አያስቸግርም። ነገር ግን ባለቤቱን እንደማያስቸግር ሁሉ ሌባውንም አያስቸግርም፤ ዘበኛው ሄዷልና። ያገለገለ ኮርቬት የሚገዛ ሰው ይህ ሥራ ተሠርቶ እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት።

ለትንሹም መኪና ያው ነው

ይህ ምክር ለስፖርት መኪና ባለጠጎች ብቻ የተነገረ እንዳይመስል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ሞተርን የሚያግድ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲኖራቸው አዘዋል። በዚህም ምክንያት በብዙ ተራ መኪና ቁልፍ ራስ ውስጥ በሬዲዮ የሚነበብ ቺፕ ይገኛል። በአዲስ አበባ መንገድ የምናያት ትንሽ የቤተ ሰብ መኪናም እንዲህ ያለ ቁልፍ ሊኖራት ይችላል። አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ ሳለ ሁለተኛ ማስመዝገብ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ከጠፋ በኋላ ግን ሥራውም ወጪውም ይበዛል።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ሦስት ነገር ይያዝ። ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ስንት ቁልፍና ስንት ሪሞት እንዳለ ይጠይቅ። የተረከበውን ቁጥር በሽያጩ ውል ላይ ያስጽፍ። በተረከበበት ቀን የሪሞቱን መዝገብ ያድስ፣ የብረቱንም ጉዳይ ለቁልፍ ሠራተኛ ያማክር። ወረቀቱ መኪናው የእርሱ መሆኑን ለዳኛ ያስረዳለታል፤ ሌሊት በደጅ የቆመው መኪና ግን ወረቀት አያነብም፤ የሚታዘዘው ለቁልፉ ብቻ ነው።