ቤተሰባችንን ሳናጎድል፣ ሳንጨምርም እናስቆጥር

 

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች እንዲመዘገቡላቸው ማዘዛቸውን ቡኻሪ ከሑዘይፋ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል፤ ያኔ 1,500 ወንዶች ተጻፉ። ልጅ ከተቆጠረ ዓይን ያርፍበታል የሚለው ፍራቻ እንግዲህ ከዲናችን የመጣ አይደለም።

በአገራችን ሕዝብና ቤት የተቆጠረው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ል. ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ቀኑ ተቆርጦ ቆጣሪው በራችንን ሲያንኳኳ በቀላሉ የሚዘነጉት ጨቅላዎች፣ አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኛ ልጆች፣ የቤት ሠራተኞችና መስጊድ የሚያድሩ ደረሶች ናቸው። ያልተጻፈ ሕፃን ደግሞ በቆጠራው ላይ ተመሥርቶ በሚወጣው የትምህርት ቤትና የክትባት ዕቅድ ውስጥ የለም።

ስለዚህ የእያንዳንዱን የቤታችን ሰው ስምና ዕድሜ ከወዲሁ በወረቀት እንያዝ። አባወራው ከሌለ መልስ የሚሰጥ አዋቂ እንወስን። መልሳችን በሕግ ምስጢሩ የተጠበቀ እንጂ ለግብር የሚውል እንዳልሆነ ለጎረቤት እናስረዳ። ቁጥራችን እንዲበዛ ብለን የሌለን ሰው ማስጻፍም ያለውን እንደመደበቅ ሁሉ ውሸት ነው። ምስክርነት አማና ነውና አላህ እውነቱን ከሚናገሩት ያድርገን።