ከተቆፈረ በኋላ የሚጠፋው ድንች

በአዊ ዞን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትጓዙ የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አዲስ ቅዳምን ታገኛላችሁ። አገሩ ደጋ ነው፤ ድንች ይወዳል። በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ወደ አገራችን እንዳስገባው የሚነገርለት ይህ ሰብል ዛሬ የብዙ ደገኛ ቤተሰብ ቀለብ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከተቆፈረ በኋላ ነው። ከድንች ክብደት አምስት እጅ አራቱ ያህል ውኃ ስለሆነ እንደ ገብስ በጎተራ አይከርምም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም በየቤቱ ጥግ ይበሰብሳል። ለቀማው፣ ማከማቸቱና ችርቻሮው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ሆኖ ሳለ፣ ለሥልጠና የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ትምህርቱ ሥራው ወዳለበት እጅ አይደርስም ማለት ነው።

ታዲያ ለሴቶች ምን እናስተምር?

1. ቁፋሮ፦ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ግንዱና ቅጠሉ ይታጨዳል። በዚህ ጊዜ ልጣጩ ይጠነክራል፤ በቀላሉም አይላጥም።

2. መለየት፦ ጤነኛው ሳይታጠብ ጨለማና ነፋሻ ቦታ ለምግብ ይቀመጣል። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የተባለ መርዝም ያበጃል፤ መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም። ለዘር የሚሆነው ግን በተቃራኒው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው ብርሃን በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል።

3. ማድረቅ፦ በዶማ የቆሰለ ድንች አይከማችም፤ ብስባሱን ለጤነኛው ያጋባልና። የቆሰለው ቦታ ተቆርጦ ይጣልና ቀሪው ተልጦ በስሱ ይከተፋል። እንዳይጠቁር ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውኃ ይነከራል። ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ሻሽ ለብሶ በፀሐይ ይሰጣል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ለወራት ይቆያል፤ ተፈጭቶም ከስንዴ ዱቄት ጋር ለዳቦ ይሆናል።

ጌታ አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ እንኳ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. 6፡12)። እንግዲህ በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሥልጠና ስታዘጋጁ አስቀድማችሁ “የምንጠራው ማንን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱ ከውኃ መቅዳትና ከእንጀራ መጋገር ጋር አይጋጭ። ሕፃን ያዘለችም መቀመጫ ታግኝ። ከሽያጩ ያገኘችውም ብር በእጇ ይቅር፤ ይህ ካልሆነ ሥልጠናው ሌላ ሸክም ጨመረባት እንጂ አልረዳትም።