የናፍጣ ወፍጮ ሞተር ራስ ማሰሪያ ብሎኖችን ስለ መምረጥና ስለ ማሰር

በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በአንጋጫና በዶዮገና፣ በሺንሺቾና በሾኔ አካባቢ ስንዴውና ገብሱ፣ በቆሎውና ጤፉ ለሕዝቡ ምግብ የሚሆነው በወፍጮ ተፈጭቶ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ፣ ወይም መብራት በተቋረጠበት ቀን፣ ወፍጮውን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ በመከር ጊዜ የቆመ እንደ ሆነ ሴቶችና ልጆች እህሉን ተሸክመው ወይም በአህያ ጭነው ወደ ሌላ ገበያ ለመሄድ ይገደዳሉ፤ ያልቻለውም ወደ ድንጋይ ወፍጮ ይመለሳል። ስለዚህ የሞተሩ ደኅንነት የባለ ወፍጮው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ሞተርን ከሚያቆሙት ጉድለቶች አንዱ በሲሊንደሩና መካኒኮች ቴስታታ በሚሉት የሞተሩ ራስ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ነው። ጓርኒሲዮኑ በተቃጠለ ቍጥር አዲስ ከመግዛት በቀር ራሱን ወደ ታች አጥብቀው የያዙትን ብሎኖች የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ማሰሪያው የላላ ከሆነ አዲሱም ጓርኒሲዮን እንደ ፊተኛው መቃጠሉ አይቀርም።

፩ኛ፤ ብሎኑ የሚሸከመው ኃይል

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በአውግስቡርግ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ነዳጁን የሚያነደው በእሳት ብልጭታ አይደለም። አየሩ በፒስተን እጅግ ሲታመቅ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ይነዳል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ራስ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ጽኑ ግፊት ይደርስበታል።

ነገሩን በቍጥር ለመረዳት ለወፍጮ ሥራ የታወቀውን ባለ 6 ፈረስ ጕልበት የእንግሊዝ ሊስተር ሞተር እንመልከት። የሲሊንደሩ አፍ ወርድ 114.3 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ስፋቱ 102.6 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። ናፍጣው ሲነድ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 60 ኪሎ ግፊት ቢያርፍ ራሱን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 6,156 ኪሎ፣ ማለት ከ61 ኩንታል በላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 650 ጊዜ ሲዞር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚነድ፣ ይህ ግፊት በደቂቃ 325 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም 19,500 ጊዜ ይደጋገማል።

ብሎን ይህን ኃይል የሚችለው አስቀድሞ ተወጥሮ ሲታሰር ነው። በበቅሎ ላይ ያለ ጭነት መጫኛው ጠብቆ ከታሰረ አይነቃነቅም፤ መጫኛው ከላላ ግን ጭነቱ በየእርምጃው ይንገዋለላል፣ ጀርባዋንም ይልጣል። ብሎንም እንዲሁ ነው። ውጥረቱ ከግፊቱ የበለጠ ከሆነ ራሱና ሲሊንደሩ አይላቀቁም፣ ብሎኑም የየምቱ መለዋወጥ እምብዛም አይሰማውም። ውጥረቱ ካነሰ ግን በየምቱ እየተሳበና እየተመለሰ ይደክማል፤ በመጨረሻም ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል ወይም ብሎኑ ይበጠሳል።

፪ኛ፤ ብሎን ስለ መምረጥ

የብሎን ጥንካሬ በመልኩ አይታወቅም። በሚሊሜትር የተለካ ብሎን በአናቱ ላይ ሁለት ቍጥር ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ቍጥር በ10 ሲባዛ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ብረት ስንት ኪሎ ያህል ሲጐተት እንደሚበጠስ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ቍጥር ከዚያ ኃይል ከአሥር ስንት እጁ ላይ ሲደርስ ብረቱ ተስቦ እንደማይመለስ ይናገራል። ስለዚህ 4.6 የሚል ብሎን በ40 ኪሎ ገደማ ይበጠሳል፣ በ24 ላይ ግን ተስቦ ይቀራል። 8.8 የሚለው በ80 ይበጠሳል፣ በ64 ይሳባል። 10.9 የሚለው በ100 ይበጠሳል፣ በ90 ይሳባል። እንግዲህ በውፍረት እኩል ከሆኑ ሁለት ብሎኖች 8.8 የሚለው 4.6 ከሚለው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ተወጥሮ ሊታሰር ይችላል ማለት ነው።

የሞተሩ አምራች ካዘዘው ያነሰ ብሎን ፈጽሞ መግባት የለበትም። ምልክት የሌለው ብሎን፣ እንዲሁም ከቤት መሥሪያ ብረት ተቈርጦ ጥርስ የወጣለት ዘንግ፣ ርካሽ ቢሆንም ወፍጮውን ለማቆም የተገዛ ነው። ዳሩ ግን ጥንካሬ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። 12.9 የሚለው እጅግ የጠነከረ ብረት ውኃና ዝገት ባለበት ሳይታሰብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብሎኑም ከሲሊንደሩ ብረት እጅግ በልጦ ያለ ልክ ቢጠብቅ የሚነቀለው የሲሊንደሩ ጥርስ ነው። በምላስ ብረት ውስጥ የሚገባው ጥርስ ርዝመት ከብሎኑ ውፍረት አንድ ተኩል እጅ ያህል ቢሆን መልካም ነው።

ከተራ ብሎን ይልቅ በሁለቱ ጫፍ ጥርስ ያለው፣ በላዩ ዳዶ የሚታሰርበት ዘንግ ይመረጣል። ምክንያቱም ዘንጉ አንድ ጊዜ በቦታው ከገባ በኋላ የሚዞረው ዳዶው ብቻ ስለ ሆነ፣ ራሱ በተከፈተ ቍጥር የሲሊንደሩ ጥርስ አይፋቅም።

፫ኛ፤ ስለ ማሰር

አስቀድሞ የራሱና የሲሊንደሩ ፊት ተጠርጎ በቀጥታ ብረት ይለካል፤ የተጣመመ ከሆነ ከመታሰሩ በፊት በማሽን ይስተካከላል። የብሎኑ ቀዳዳ ከአሮጌ ዘይትና ከውኃ ፈጽሞ ይደርቃል፤ በደፈና ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይት ብሎኑ ሲገባ መውጫ ስለሚያጣ ሲሊንደሩን ሊሰነጥቅ ይችላልና። ቀዳዳው ወደ ውኃው መንገድ የሚያልፍ ከሆነ ጥርሱ ውኃ በሚከለክል ማሸጊያ ይቀባል። ዘንጉ በእጅ ኃይል ይገባል እንጂ ከታች እስኪያጐብጠው በመፍቻ አይጨነቅም።

ቀጥሎ አዲስ ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ራሱም ይቀመጣል፤ የዳዶው ጥርስና ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሮንዴላ ጥቂት ዘይት ይቀባሉ። መፍቻውን ከሚያዞረው ጕልበት ውስጥ ብሎኑን የሚወጥረው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው በመፋተግ ይጠፋል። ስለዚህ አንዱ ዳዶ ደረቅ ሌላው ዘይት የተቀባ ቢሆን መፍቻው እኩል እያሳየ ውጥረታቸው ይለያያል።

ማጥበቁ ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ አምራቹ በጻፈው ልክ፣ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይፈጸማል። አራት ዳዶ ብቻ ሲኖር በአንጻር እየተሻገሩ፣ ብዙ ሲሆን ከመካከል ወደ ዳር እየሄዱ ማጥበቅ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ ብሎኖች ኃይላቸው በእኩልነታቸው ነው። ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀና ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ አምራቹ ካዘዘ ዳዶዎቹ እንደ ገና ይጠብቃሉ፤ ከዚያም የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል።

፬ኛ፤ ስለ ዋናው ምክንያት

ብሎን ብቻ መለወጥ ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደ ማከም ነው። የሆሳዕና አገር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው፣ ክፍት በሆነ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ገደማ ይፈላል። አየሩም ስስ ስለ ሆነ ሞተሩ በቆላ የሚያወጣውን ጕልበት እዚህ አያወጣም። ባለ ወፍጮው ጕልበት ለመጨመር ናፍጣ ቢያበዛ ጥቁር ጢስና ብዙ ሙቀት ብቻ ያገኛል። ውኃው ሲፈላ ራሱ ይጣመማል፤ የተጣመመንም ራስ ማናቸውም ብሎን አያቀናውም። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ውኃ ንጹሕና ሙሉ፣ የሞተሩም ሸክም በአቅሙ ልክ ይሁን።

የወረዳ ሹማምንትም ወፍጮ ቤት ሲጐበኙ ሦስት ነገር ቢጠይቁ ሕዝቡ ይጠቀማል፤ ይኸውም የአምራቹ መጽሐፍ መኖሩን፣ ኃይል የሚለካ መፍቻ በአካባቢው መገኘቱን፣ ራሱ የተከፈተበትና የታሰረበት ቀን በደብተር መጻፉን ነው። አንድ መፍቻ ለብዙ ወፍጮ ቤቶች በጋራ ሊበቃ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከመከር በፊት የተመረመረ ብሎን በመከር ቀን የወፍጮውን በር አያዘጋም።