ተግባር የቀደመው ሕግ

ሕግ ከኅብረተሰብ ኑሮ ይመነጫል እንጂ የኅብረተሰብ ኑሮ ከሕግ አይመነጭም። ይህ መሠረታዊ ሐቅ በታላላቅ የታሪክ ምዕራፎች ብቻ ሳይሆን፣ ተራ በሚመስሉ የዕለት ተዕለት ጉዳዮችም ውስጥ ራሱን ይገልጻል። ለዛሬው ትንተናችን የመረጥነው ጉዳይ ሲያዩት ከአስፋልት የማይዘል ይመስላል፤ ይኸውም በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት በሁለት የመኪና ረድፎች መካከል አልፎ እንዲሄድ በሕግ የመፍቀድ ጥያቄ ነው። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን፣ መንገድ የማን ነው? ሕግስ የማንን ሕይወት ይጠብቃል? ወደሚል ዐቢይ ጥያቄ ያደርሰናል።

ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ነው። የዚህች ግዛት መንገዶች የተጨናነቁት በአጋጣሚ አይደለም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አሠርታት በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ የፓስፊክ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቀይ ባቡሮች ከ1,600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ሐዲድ ላይ ሠራተኛውን ከመኖሪያው ወደ ሥራው ያመላልሱ ነበር። ይሁን እንጂ የሕዝብ ማመላለሻ በኩባንያ የትርፍ ሂሳብ በሚመዘንበት ሥርዓት፣ ትርፉ ሲነጥፍ አገልግሎቱም ይነጥፋል። በሎስ አንጀለስና በሎንግ ቢች መካከል ይመላለስ የነበረው የመጨረሻው ቀይ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1961 ቆመ። በዚያው አቅጣጫ የሕዝብ ባቡር እንደገና ሥራ የጀመረው ከ29 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እስከዚያው ድረስ የግል መኪና ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ግዴታ ሆነ፤ የፍጥነት ምልክት ተደርጎ የተወደሰው አውራ ጎዳናም ጠዋትና ማታ የቆመ ሰልፍ ሆነ።

በዚህ ተጨባጭ ሁኔታ ውስጥ ሞተረኛው የራሱን መፍትሔ ፈለገ። መኪኖቹ ሲቆሙ ወይም ሲያዘግሙ፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ባለው ክፍተት ማለፍን ልማድ አደረገ። ይህን ያደረገው ስለቸኮለ ብቻ አይደለም። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ይግላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቆመ ሰልፍ ጭራ ላይ የሚቆም ሞተረኛ ከኋላው የሚመጣውን መኪና የሚመክትበት ብረት የለውም። ባለመኪናው ከኋላ ሲገጭ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ቆርቆሮው ነው፤ ሞተረኛው ሲገጭ ግን የሚሰበረው አጥንቱ ነው።

የግዛቲቱ ሕግ ይህን ልማድ ለአሠርታት ፈቅዷልም፣ ከልክሏልም አይባልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ሞተረኞች በረድፎች መካከል ሲያልፉ ሊያደርጉት የሚገባቸውን ጥንቃቄ የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። ይሁንና ፖሊስ በሕግ አወጣጥ ሥርዓት ያላለፈ ደንብ አውጥቷል የሚል አቤቱታ ከአንድ ዜጋ በመቅረቡ፣ መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሣ። ልማዱ እንደቀጠለ ምክሩ ጠፋ። የቢሮክራሲ አሠራር ይህን ይመስላል፤ የሥነ ሥርዓቱ ቅርጽ ሲከበር የሰው ሕይወት ከቅርጹ ውጭ ይቀራል።

ክርክሩን ወደ ተጨባጭ ማስረጃ የመለሰው ሳይንሳዊ ምርምር ነው። በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የትራፊክ አደጋ የደረሰባቸውን 5,969 ሞተረኞች ሁኔታ መርምረዋል። ከነዚህም ውስጥ 997ቱ አደጋው የደረሰባቸው በረድፎች መካከል ሲያልፉ ነበር። ከሌሎቹ መካከል 17 በመቶው የጭንቅላት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ከእነዚህ መካከል ግን ጉዳቱ የደረሰው በ9 በመቶው ላይ ነው። የሞቱትም ከሌሎቹ 3 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 1.2 በመቶ ናቸው። ከኋላ የመገጨቱም ነገር በእነዚህ ዘንድ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሆኖም ማስረጃን ከሚገባው በላይ ማናገር ከሳይንሳዊ አመለካከት ጋር አይሄድም። ጥናቱ ያነጻጸረው አደጋ የደረሰባቸውን ብቻ ስለሆነ፣ የጉዳቱን ክብደት እንጂ አደጋው የመድረሱን ዕድል አይለካም። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ጋር አያይዘው ያስገነዘቡት ቁም ነገር አለ፦ ማለፉ የከፋ አደጋ የማያስከትለው የመኪኖቹ ፍጥነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ግድም ሳይበልጥ፣ ሞተረኛውም መኪኖቹን ከ24 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሳይቀድም ነው። እንግዲህ የሞትና የሕይወት ድንበር በፍጥነት ልዩነት ላይ ነው ማለት ነው።

በነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 2016 አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ልማዱን ሕጋዊ የሚያደርገውን ድንጋጌ ፈረሙ፤ ከ2017 መባቻ ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ካሊፎርኒያ ይህን በግልጽ ሕግ ያጸደቀች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች። እርምጃው ተራማጅ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ የነበረው የፍጥነት ወሰን ከጸደቀው ሕግ ወጥቷል። ሕጉ ድርጊቱን ተርጉሞ ከፈቀደ በኋላ፣ የጥንቃቄ ምክር የማውጣቱን ሥራ ለፖሊስ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ምክርም ፍጥነት በጨመረ መጠን አደጋው እንደሚጨምር ያስጠነቅቃል እንጂ በቁጥር የተወሰነ ገደብ አያስቀምጥም። ስለሆነም ዳኝነቱ በግለሰቡ ትከሻ ላይ ወደቀ። ነፃነትን ሰጥቶ ኃላፊነትን አለማደራጀት የሊበራል ሕግ የቆየ ጉድለት ነው።

ሌሎች ጉዳዩን በተለየ መንገድ ይዘውታል። የዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 የፈቀደችው መኪኖቹ ፈጽመው ሲቆሙ ብቻ ሲሆን፣ ሞተረኛው በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ወስናለች። ፈረንሳይ በበኩሏ ከ2016 እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ በ11 ዲፓርትመንቶች ለአምስት ዓመታት ሞከረችው። ውጤቱ የሚያስደስት አልነበረም፤ ሙከራው በተደረገባቸው መንገዶች ላይ ሞተረኞች ያሉበትና የአካል ጉዳት ያስከተለ አደጋ በ12 በመቶ ሲጨምር፣ በዚያው አካባቢ ባሉ ሌሎች መንገዶች በ10 በመቶ ቀንሷል። መንግሥቱ ሙከራውን አቁሞ፣ ደንቡን አሻሽሎ በሰፊው እንደገና ከሞከረ በኋላ፣ በጥር ወር እ.ኤ.አ. 2025 በመላ አገሪቱ ፈቀደ። ፍጥነቱ ከ50 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ረድፍ ሲቆም ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ከዚህ የምንማረው፣ ገደብ አስፈላጊ ቢሆንም ያለ ትምህርትና ያለ ቁጥጥር በቂ አለመሆኑን ነው።

ሕጉን የሚቃወሙ ባለመኪኖች «እኛ ተራ እየጠበቅን እነሱ ሰልፍ ይጥሳሉ» ይላሉ። ቁጣቸው ይገባናል፤ በስፖኪዮው ጥግ ሳይታሰብ ሽው የሚል ሞተር ማንንም ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ በረድፎች መካከል ያለው ክፍተት ለመኪና የማይበቃ ስፍራ ነው። በዚያ የሚያልፈው ሞተረኛ ከባለመኪናው የሚወስደው ነገር የለም፤ እንዲያውም በሰልፉ ውስጥ ይይዘው የነበረውን ቦታ ይለቅለታል። በእኛ እምነት በሞተረኛውና በባለመኪናው መካከል ያለው ቅራኔ በመነጋገርና በትምህርት የሚፈታ፣ ጠላትነት የሌለው ቅራኔ ነው። ዋናው ቅራኔ ያለው በሕዝቡ የመንቀሳቀስ ፍላጎትና በግል መኪና ላይ ብቻ በተገነባው የመንገድ ሥርዓት መካከል ነው። ሁለቱም የዚሁ ሥርዓት ሰለባዎች ሆነው ሳለ እርስ በርስ ይወቃቀሳሉ።

እርግጥ ነው፣ ሞተረኛ ሁሉ ሠርቶ አደር አይደለም። እሑድ ለመዝናናት ውድ ሞተሩን የሚያስጓራ ባለጸጋም አለ። ነገር ግን ሕጉ ሊመዘን የሚገባው በእሑዱ ሽርሽር ሳይሆን ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራ በሚደረገው ጉዞ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛስ ምን ይነግረናል? በአዲስ አበባ መንገዶችም ዕቃና ምግብ የሚያደርሰው ወጣት በታክሲና በአውቶቡስ መካከል ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር በሞተር ብስክሌት የሚፈጸመውን ወንጀል ምክንያት አድርጎ የሞተሮችን እንቅስቃሴ ሲገድብ፣ ጥያቄው የጸጥታ ጥያቄ ነበር። የሞተረኛው ሕይወት ጥያቄ ግን ራሱን ችሎ መጠናት አለበት። የካሊፎርኒያን ሕግ እንዳለ መገልበጥ አንመክርም፤ የእኛ መንገድ፣ የእኛ እግረኛና የእኛ ተሽከርካሪ የራሳቸው ተጨባጭ ሁኔታ አላቸው። የምንመክረው ዘዴውን ነው፦ አስቀድሞ ሕዝቡ በተግባር የሚያደርገውን ማየት፣ ቀጥሎ በቁጥር ማጥናት፣ ከዚያም ወሰን አበጅቶ መደንገግና ማስተማር።

ሕዝብ በኑሮው ግፊት መንገድ ሲከፍት፣ ሕግ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያልፈው አይገባም፤ በጭፍንም ሊከተለው አይገባም። በሁለት የመኪና ረድፎች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። በዚያች ጠባብ ስፍራ ግን በየማለዳው የሰው ሕይወት ያልፋል። ሕጉ ከወረቀት አልፎ እዚያች ስፍራ መድረስ ይኖርበታል።