ከድንበሩ ማዶ የቀሩ ሥዕሎች

አብርሃ ጅራ፦ ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ የሚሻገር ስደተኛ ልጁን ያዝላል፤ መታወቂያውንና ጥቂት ልብሱን ይቋጥራል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የሸራ ሥዕል ግን አይታዘልም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተነሣው ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲያሻግር፣ ብዙ የካርቱም ሠዓልያን የዕድሜ ልክ ሥራቸውን በተዘጉ ቤቶች ትተው ወጥተዋል።

እኛ ጎረቤቶቿ ሱዳንን የምናውቃት በዘፈኗና በገበያዋ ነው። ሥዕሏን ግን ከእኛ ይልቅ የለንደን ተመልካች ያውቀዋል።

የዚህ ሥዕል አባት ከሚባሉት አንዱ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኦምዱርማን ተወለደ፤ በለንደን ተምሮ ሲመለስ ያሳያቸውን ሥዕሎች የአገሩ ሰው ዞር ብሎ አላየለትም። እርሱም ሕዝቡን ከመውቀስ ይልቅ የዓረብኛውን ፊደልና በየቤቱ ያለውን ጌጥ ማጥናት ጀመረ፤ ፊደሉን ሰባብሮም ከውስጡ የሰውና የእንስሳ ቅርጽ አወጣ። የካርቱም ትምህርት ቤት የተባለው የአሣሣል ስልት የተወለደው እርሱን ከመሰሉ ሠዓልያን ፍለጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 በባህል ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሳለ ያለ ፍርድ በኮበር ወኅኒ ቤት ለስድስት ወራት ታሰረ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ መገኘት ያስቀጣ ነበርና፣ በቁርጥራጭ ወረቀት እየሣለ በአሸዋ ውስጥ ይቀብር ነበር። ትናንሽ ቁራጮችን ገጣጥሞ ትልቅ ሥዕል የማዋቀሩ ዘዴ ከዚያ እስር ቤት የወጣ ነው፤ በዘጠኝ ክፍል የተሠራው «የማይቀረው» የተሰኘ ሥራውም የዚሁ ፍሬ ነው።

በ2011 ዓ.ም ደግሞ ሥዕል ወደ አደባባይ ወጣ። በካርቱም የጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ወጣቶች ግድግዳውን ሁሉ በቀለም ሞሉት። ግንቦት 26 ተቃውሞው በኃይል ሲበተን ሥዕሎቹም ተለቀለቁ። ያሁኑ ጦርነት የባሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል።

ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም የማህዲስቶች ጦር በዚሁ በመተማ በር ገብቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል፣ የግድግዳ ሥዕልና የብራና መጽሐፍ አብሮ ነደደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ዛሬ ጣሪያዋ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ሲያይ የሚደነቅ ሰው፣ በሌሎቹ ጣሪያዎች ላይ ምን ተሥሎ እንደነበር ቢጠይቅ መልስ ማግኘት ይቸግረዋል። ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት የመጋቢት 1881 ዓ.ም የመተማ ጦርነትም የተከተለው ከዓመት በኋላ ነው።

በእርግጥ ሠዓሊን የሚያሰድደው የጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በደርግ ዘመን ተሰድዶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ አረፈ። በጀርመን የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም የተሰቀሉት እ.ኤ.አ. በ2008፣ ሠዓሊው ካረፈ ከ27 ዓመታት በኋላ ነበር።