ከመቀመጫ ሲነሱ ማዞር፦ የአረጋውያን የደም ግፊት ለምን ይወርዳል?

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከመኝታቸው ወይም ከመቀመጫቸው ሲነሱ ዓይናቸው ብዥ ይልባቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ አልፎ አልፎም ተዝለፍልፈው ይወድቃሉ። ብዙዎቻችን ይህንን «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ እርጅና ስም እንጂ ማብራሪያ አይደለም። አንድ ጊዜ መውደቅ የዳሌ አጥንት ስብራትን፣ ስብራቱም ለብዙ ወራት አልጋ ላይ መዋልን ሊያስከትል ስለሚችል፣ የችግሩን መንስኤ ማወቅ ተገቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰው ሲቆም በደም ዝውውሩ ላይ የሚደርሰውን ለውጥና ዕድሜ ሲገፋ የሚጓደለውን ነገር እንመለከታለን።

መቆምና የደም ዝውውር

ተጋድሞ የነበረ ሰው ሲቆም ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ከደረቱ ወደ ሆዱና ወደ እግሮቹ ደም መልሶች ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ልብ በየምቱ የሚረጨውም ያንሳል። ቁመትም የራሱ ድርሻ አለው። አንጎል ከልብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። የሜርኩሪ እፍጋት 13.6፣ የደም ደግሞ 1.06 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ የዚህ የደም ዓምድ ግፊት 300 × 1.06 ÷ 13.6፣ ማለትም 23 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይሆናል። በልብ አጠገብ 90 የነበረው አማካይ ግፊት አንጎል ዘንድ ሲደርስ ወደ 67 ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ጤናማ ሰው ይህ ሁሉ የማይሰማው ፈጣን የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ስላለው ነው። በአንገት ደም ቅዳዎችና ከልብ በሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ ቅስት ላይ የግድግዳውን መለጠጥ የሚለኩ የነርቭ ጫፎች ይገኛሉ። ግፊቱ ሲቀንስ መለጠጡ ስለሚቀንስ ወደ አንጎል ግንድ የሚልኩት መልእክት ይሳሳል። የአንጎል ግንድም በሲምፓተቲክ ነርቮች አማካይነት ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱም በሴኮንዶች ውስጥ ይስተካከላል። የባት ጡንቻዎችም ሲኮማተሩ ደሙን ወደ ላይ በመግፋት ያግዛሉ።

ዕድሜ ምን ይለውጣል?

በመጀመሪያ፣ የደም ቅዳ ግድግዳዎች እየደረቁ ይሄዳሉ። የደረቀ ግድግዳ በቀላሉ ስለማይለጠጥ የነርቭ ጫፎቹ የግፊቱን ለውጥ በሚገባ አይለዩትም። ሁለተኛ፣ ልብ ለኖርአድሬናሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። ሦስተኛ፣ ኩላሊት ጨውንና ውኃን የመቆጠብ ችሎታው ሲቀንስ የጥም ስሜትም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አረጋዊው የሰውነቱ ፈሳሽ ሲጎድል ሳይጠማው ሊቀር ይችላል። እነዚህ ለውጦች ብቻቸውን ችግር ላያመጡ ይችላሉ፤ ሌላ ጫና ሲታከልባቸው ግን ሚዛኑ ይዛባል።

ከጫናዎቹ ዋነኞቹ መድኃኒቶች ናቸው። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለፕሮስቴት እብጠት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችና የተወሰኑ የድብርት መድኃኒቶች ይጠቀሳሉ። ተቅማጥ፣ ደም መፍሰስና ለረዥም ጊዜ ተኝቶ መቆየትም እንዲሁ። ከምግብ በኋላ ብዙ ደም ወደ አንጀት ስለሚሄድ በዚያ ሰዓት መነሣት ያዞራል። በጾም ወራት ውኃ ሳይጠጡ ውለው ረዥም ሰዓት የሚቆሙ፣ በተለይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ይበልጥ ይጋለጣሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተጎዳው ራሱ ነርቩ ነው። የቆየ የስኳር በሽታና የፓርኪንሰን በሽታ የደም ሥሮችን የሚያዙ ነርቮችን ያበላሻሉ። ሳሙኤል ብራድበሪና ኬሪ ኢግልስተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1925 እ.ኤ.አ. ሦስት ሕሙማንን ሲገልጹ፣ ሲቆሙ ግፊታቸው እየወረደ የልብ ምታቸው ግን እንዳልተለወጠ አስተውለዋል። ዛሬም ይህ ምልክት ይጠቅመናል፤ ፈሳሽ ሲጎድል ልብ አብዛኛውን ጊዜ ሲፈጥን፣ ነርቩ ሲጎዳ ግን እምብዛም አይፈጥንም።

እንዴት ይታወቃል? ምንስ ይደረጋል?

በሽተኛው 5 ደቂቃ ያህል ተጋድሞ ግፊቱ ይለካል፤ ከዚያም ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካል። የላይኛው ቁጥር 20፣ ወይም የታችኛው 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ አለ ይባላል። ይህ መለኪያ በ1996 እ.ኤ.አ. በሐኪሞች ስምምነት የጸደቀ ነው። ተቀምጦ ብቻ መለካት ችግሩን ሊሰውረው ይችላል፤ ተቀምጦ ሲለካ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ሲቆም ሊወርድበት ይችላልና።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ግፊቱ ሲወርድ ያዩ ቤተሰቦች የደም ግፊት መድኃኒቱን በራሳቸው ሊያስቆሙ ይችላሉ። ነገር ግን ያልታከመ ከፍተኛ ግፊት ራሱ የደም ሥሮችን ያደርቃል፣ አንጎልንና ኩላሊትንም ይጎዳል። የሚሻለው ሐኪሙ የመድኃኒቶቹን ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት እንዲመረምር ማድረግ ነው። ከዚህ ሌላ ከመነሣት በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት መቀመጥ፣ እግርን ማንቀሳቀስና፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካልከለከለ፣ በቂ ውኃ መጠጣት ይረዳል። ማዞሩ ከጀመረም ወዲያውኑ መቀመጥ ወይም መጋደም ያስፈልጋል፤ ደሙ ወደ አንጎል የሚመለሰው ያን ጊዜ ነውና።