ስለ ዐውሎ ነፋስ ወራት የጎርፍ ኢንሹራንስ

ሃሪኬን የሚባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ የቴክሳስን ጠረፍ የሚያሠጋው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከጁን እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት ነው። ቤተ ሰብ ሁሉ መስኮቱን በጣውላ ለመክደን ይሽቀዳደማል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቤቱን የሚያጠፋው ከነፋሱ ይልቅ ውሃው ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ሃርቬይ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባንዳንድ ስፍራ ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም አውርዶ ብዙ የሂዩስተንን ሰፈሮች አጥለቅልቋል።

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት አይከፍልም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ በፌዴራሉ መንግሥት ፕሮግራም በኩል የተገባው ውል እንደ ደንቡ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው። እንግዲህ የማዕበሉን ወሬ በራዲዮ ሰምቶ ወደ ወኪሉ የሚሮጥ ሰው ዘግይቷል። በሂዩስተን ቤትና ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ውላቸውን ገልጠው ዛሬውኑ ቢመረምሩ መልካም ነው፤ ተከራይም ለዕቃው ሊዋዋል ይችላል።

የቀረው ቀላል ነው፦ ለያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ፣ የማይበላሽ ምግብ፣ መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፤ የቤቱና የንግዱ ወረቀትም ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይታሸግ። ጄኔሬተር ያለው ግን በቤት ውስጥም ሆነ በጋራዥ አያስነሣው፤ ጢሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ በደጅ ይቁም።